የሃይድሮሊክ ግፊት መለኪያና የማሸጊያ ጎማ ስብስብ፦ በአሮጌ ትራክተር ሊፍት ላይ የተፈተሹ ሁለት ዕቃዎች

ማረሻ አንስቶ መያዝ ያቃተው ትራክተር፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን፣ ከማሳው ጫፍ ደርሶ መታጠፍ እንኳ ይቸግረዋል። ለረጅም ዓመታት ያገለገለው ትራክተሬ ማረሻውን የሚያነሣው የኋላ ሊፍቱ አልጸና ሲለኝ ሁለት ነገሮች ገዛሁ፤ አንደኛው ለዚህ ዓይነት ሊፍት የተዘጋጀ የማሸጊያ ጎማዎችና የጋስኬቶች (በብረት መጋጠሚያዎች መካከል የሚገቡ ስስ ማሸጊያዎች) ስብስብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከነቱቦውና ከነማገናኛዎቹ የሚሸጥ የሃይድሮሊክ ግፊት መለኪያ፣ ማለትም ሊፍቱን የሚያነሣውን የዘይት ግፊት የሚለካ ዕቃ ነው። ይህን ግምገማ የምጽፈው ሁለቱን ዕቃዎች ከተጠቀምኩባቸውና ትራክተሩ አንድ ሙሉ የእርሻ ወቅት ከሠራ በኋላ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ የማሸጊያ ስብስቡ ጉድለቶች ቢኖሩበትም ሥራውን የሚሠራ ዕቃ ነው፤ የግፊት መለኪያው ግን ከሁሉ አስቀድሜ መግዛት የነበረብኝ ሆኖ ሳለ እኔ የገዛሁት በመጨረሻ ነው።

ትራክተሩ የፈርጉሰን አሠራር ከሚባለው ቤተሰብ የሚመደብ ነው። ሃሪ ፈርጉሰን ያዳበረው፣ ማረሻን ከትራክተር ጀርባ በሦስት ቦታ የሚይዝ ባለ 3 ነጥብ ማያያዣና ሃይድሮሊክ ማንሻ እ.ኤ.አ. በ1936 ፈርጉሰን ብራውን በተባለው ትራክተር ላይ ለገበያ ቀረበ፤ በ1939 ወደ ፎርድ 9ኤን ተሻገረ፤ ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ ኮቬንትሪ ከ500,000 በላይ በተመረተው ቲኢ20 ላይም ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ማሲ ፈርጉሰን 135ም የዚሁ ወራሽ ነው። በዚህ አሠራር ፓምፑ 4 ፒስተኖች ያሉት ሆኖ ከካምቢዮው ጋር በሚጋራው ዘይት ውስጥ ጠልቆ ይቀመጣል፤ የሚያዞረውም የፒቲኦ ሻፍት፣ ማለትም ከትራክተሩ ጀርባ ለሚያያዙ ማሽኖች የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ነው። ከብዙዎቹ የሃይድሮሊክ ማሽኖች የሚለየው ደግሞ መቆጣጠሪያ ቫልቩ ዘይት ከፓምፑ በሚወጣበት ሳይሆን ወደ ፓምፑ በሚገባበት በኩል መሆኑ ነው። ማረሻው መነሣት ሲኖርበት ቫልቩ መግቢያውን ይከፍታል፤ ሲበቃው ይዘጋል፤ ፓምፑም ዘይት ስለማያገኝ ያለ ሥራ ይዞራል። ዘይቱ ከፓምፑ በአንድ ቋሚ ቱቦ ወደ ላይ ወጥቶ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባና ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም ማንሻ ክንዶቹን የተሸከመውን ሻፍት ያዞራል። ወደ ታች የሚያወርደው ግን የማረሻው የራሱ ክብደት እንጂ ሌላ ኃይል አይደለም። ይህን መንገድ በአእምሮው የያዘ ሰው ብልሽቱን ለመፈለግ ግማሹን ሥራ ጨርሷል ማለት ይቻላል።

የእኔ ትራክተር ማረሻውን ያነሣ ነበር፤ አነሣሡም ደካማ አልነበረም። ነገር ግን ወደ ላይ ከደረሰ በኋላ በየ3 ወይም በየ4 ሴኮንዱ ጥቂት ዝቅ ይልና መልሶ ከፍ ይላል፤ እሺ እንደሚል ሰው ራሱን ያለማቋረጥ ይነቀንቃል። ሞተሩ ሲጠፋ ማረሻው አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው መሬት ይነካል። ዘይቱ በሞቀ ቁጥር ሁለቱም ይብሱ ነበር። ያማከርኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ ፓምፑ አልቋል አሉኝ፤ ፓምፕ ከማሸጊያ ስብስብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ውድ ስለሆነ ግን በመጀመሪያ ርካሹን ለመሞከር ወሰንኩ። ይህ ውሳኔ ትክክል የሆነው በአጋጣሚ ነው፤ ምክንያቱም ሳልለካ ነው የወሰንኩት።

መነቅነቁ በሚገባ ከታሰበበት ብዙ የሚናገር ምልክት ነው። ማንሻ ክንዶቹ በትንሹ ሲወርዱ የከፍታ መቆጣጠሪያው ይህንን ተረድቶ የፓምፑን መግቢያ ይከፍታል፤ ክንዶቹ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ይዘጋል፤ ዘይቱ እንደገና ሲያመልጥ ደግሞ እንደገና ይከፍታል። ስለዚህ የሚነቀንቅ ሊፍት መቆጣጠሪያው በትክክል እንደሚሠራና ፓምፑም በተጠራ ቁጥር መልስ እንደሚሰጥ በራሱ ያስረዳል። የጎደለው የወጣውን ዘይት ይዞ የሚያቆየው ክፍል ነው፤ ይህም ማለት ከፓምፑ መውጫ ቫልቮች ጀምሮ፣ በቋሚው ቱቦ ጫፎች ላይ ባሉት ኦሪንግ የሚባሉ የጎማ ቀለበቶች በኩል አልፎ፣ እስከ ሲሊንደሩ ፒስተን ማሸጊያ ድረስ ካለው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ዘይት ያመልጣል ማለት ነው። ጨርሶ የማያነሣ ወይም ቀላል ዕቃ ብቻ የሚያነሣ ሊፍት ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ እሱ ወደ ዘይት መሳቢያው፣ ወደ ፓምፑ ወይም ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ዘይቱን ወደሚያስወጣው የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ ይመራል። ሁለቱን ምልክቶች አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው ገንዘቡን በተሳሳተ ቦታ ያወጣል።

የትኛውንም ዕቃ ከመግዛት በፊት ያለ ወጪ የሚፈተሹ ነገሮች አሉ። ዘይቱ በልክ መሆኑን ትራክተሩን ደልዳላ ቦታ አቁሞ ማየት ይገባል፤ ዘይቱ ወተት መስሎ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፣ አረፋ ከያዘ ደግሞ አየር እየሳበ ነው። ፒቲኦው መያያዙንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ እንደ ቲኢ20 ባሉት የቀድሞዎቹ ትራክተሮች ላይ የፒቲኦው ማያያዣ ካልገባ ፓምፑ አይዞርም፣ ፓምፑ ካልዞረ ሊፍቱ አይነሣም፤ በዚህ ብቻ ጋራዥ የሚወሰድ ትራክተር ጥቂት አይደለም። አልወርድ ያለ ሊፍትም ብዙ ጊዜ የተበላሸ ሳይሆን የአወራረድ ፍጥነት መቆጣጠሪያው ወደ ዝግታው መጨረሻ የተጠጋበት ነው። የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ማጠብም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሥራ ነው፤ ወንፊቱ ሲደፈን ሊፍቱ በቀዝቃዛና በወፍራም ዘይት ደክሞ ዘይቱ ሲሞቅ ይሻለዋል፤ የውስጥ ማሸጊያ ሲያረጅ ግን በተቃራኒው በቀዝቃዛ ደኅና ሆኖ በሙቀት ይደክማል። የእኔው ሁለተኛው ዓይነት ነበር።

አሁን ወደ መለኪያው ልግባ። የገዛሁት መለኪያ ፊቱ በግሊሰሪን የተሞላ፣ እስከ 250 ባር የሚያነብ፣ በአንድ በኩል የፒ.ኤስ.አይ (እንደ ባር ሌላ የግፊት መለኪያ አሃድ) ቁጥር የተጻፈበት፣ አጭር የከፍተኛ ግፊት ቱቦና የተለያየ ጥርስ ያላቸው 5 ማገናኛዎች ያሉት ነው። ግሊሰሪኑ መርፌው በፓምፑ ምት እንዳይንቀጠቀጥ ስለሚያረጋጋው፣ ደረቅ መለኪያ ከዚህ ጋር ሊወዳደር አይችልም። የመለኪያው ከፍተኛ ቁጥር የሚፈለገውን ግፊት አልፎ በቂ ቦታ የሚተው መሆን አለበት፤ የትራክተሬ መመሪያ የሚጠይቀው ወደ 2,500 ፒ.ኤስ.አይ፣ ማለትም ወደ 172 ባር ስለሆነ፣ ንባቡ ከመለኪያው ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ያርፋል፤ ለማንበብም ለመለኪያው ዕድሜም የሚስማማው ይህ ነው። ከ5ቱ ማገናኛዎች አንዱ የትራክተሬን የውጭ ዘይት መውጫ ጥርስ በትክክል ገጠመ። ማገናኛዎቹ ላይ የጥርሱ ልክ አለመጻፉ ግን እውነተኛ ጉድለት ነው፤ የማይገጥም ጥርስ በኃይል ተጠብቆ የትራክተሩ የብረት አካል ቢበላሽ ጉዳቱ ከመለኪያው ዋጋ ይበልጣል። እኔ እያንዳንዱን በእጄ ብቻ እያዞርኩ፣ መፍቻ ሳልነካ፣ ሦስት ዙር ያለ ችግር የገባውን መርጫለሁ።

የመጀመሪያውን ልኬት በቀዝቃዛ ዘይት አደረግሁ። መቆጣጠሪያ ዘንጉ ፓምፑ ያለማቋረጥ እንዲገፋ ወደሚያደርገው ቦታ ሲገፋና ማንሻ ክንዶቹ መጨረሻ ሲደርሱ ግፊቱ መልቀቂያው ቫልቭ እስኪከፈት ድረስ ይወጣል፤ መርፌው 2,450 ፒ.ኤስ.አይ ላይ ቆመ። ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ዘይቱ ሞቆ ስለካው 2,300 ሆነ። ያለቀ ፓምፕ ወይም የሚያፈስ መልቀቂያ ቫልቭ ይህን ያህል አይወጣም፤ በሞቀ ዘይት ደግሞ ልዩነቱ እጅግ የሰፋ በሆነ ነበር። ቀጥሎ ማረሻው ተንጠልጥሎ ሳለ ዘንጉን ወደ መያዣው ቦታ መልሼ ሞተሩን አጠፋሁ። በሲሊንደሩ ውስጥ ታሽጎ የቀረው ግፊት ሊጸና ሲገባው መርፌው 10 ሴኮንድ ሳይሞላ ከግማሽ በታች ወረደ። በእነዚህ ሁለት ንባቦች ሰው ሁሉ የፈረደበት ፓምፕ ነጻ ወጣ። ለዚህ ዕቃ ያለኝን አክብሮት የሚያስረዳው ይህ አንድ ከሰዓት ነው፤ ሳልለካ ፓምፑን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ፓምፕ የሚሰጠኝ ያንኑ የሚነቀንቅ ሊፍት ነበር።

መለኪያው ዘይት እንደሚያመልጥ ይናገራል እንጂ የት እንደሚያመልጥ አይናገርም። ለዚያ ዓይን ያስፈልጋል። የዘይቱን መጠን ከመመልከቻው በታች ካወረድኩ በኋላ ፓምፑ ባለበት በትራክተሩ ማዕከላዊ አካል ጎን ያለውን ክዳን ፈታሁ፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማንሻ ክንዶቹ ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ጭነት ተሸክመው፣ በባትሪ መብራትና በትንሽ መስታወት ውስጡን ተመለከትኩ። ዘይት ከሲሊንደሩ ክፍት አፍ ቢንጠባጠብ ኖሮ ጥፋቱ የፒስተኑ ማሸጊያ ይሆን ነበር፤ ከቋሚው ቱቦ ዙሪያ ቢወርድ የቱቦው ኦሪንግ፤ ከሁለቱም ምንም ሳይታይ ግፊቱ ቢጠፋ ደግሞ የፓምፑ መውጫ ቫልቮች ይጠረጠሩ ነበር። እኔ ያየሁት በቱቦው ዙሪያ በጉልህ ሲፈስ ነው፤ ከሲሊንደሩም ትንሽ ትንሽ ጠብ ይል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ሊፍት ያነሣው ዕቃ ሥር ገብቶ መሥራት፣ ለአፍታም ቢሆን፣ አይገባም፤ የምንመረምረው ነገር መያዝ ያቃተው መሆኑን ራሳችን እያወቅን እንዴት ሕይወታችንን እናምነዋለን? በቀጭን ቀዳዳ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ዘይትም ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ በመጀመሪያ የመርፌ ውጋት ብቻ መስሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን ወዲያውኑ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው አደጋ ስለሆነ ለነገ የሚባል አይደለም። የሚያፈስ ቦታ በካርቶን ቁራጭ እንጂ በእጅ አይፈለግም፤ መለኪያው የሚገጠመውና የሚፈታውም ማረሻው መሬት ወርዶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ነው። ከመለኪያው ጋር የመጣው ወረቀት ስለዚህ አንድም ቃል አይናገርም፤ ለማንም ገዢ የሚሸጥ ዕቃ ሆኖ ሳለ ይህን መዝለሉ ይቅር የሚባል አይደለም።

የማሸጊያ ስብስቡ በአንድ ከረጢት ውስጥ የፒስተኑን ኦሪንግና ደጋፊ ቀለበት፣ የቋሚውን ቱቦ ኦሪንጎች፣ የማንሻ ሻፍቱን ሁለት የዘይት ማሸጊያዎች፣ የላይኛውን ትልቅ ሽፋንና የጎን ክዳኖቹን ጋስኬቶች፣ እንዲሁም ለዘይት ማፍሰሻ ቡሎኖቹ የመዳብ ሮንዴላዎችን ይዟል። ይዘቱ በቂ ነው፤ ሥራ ተጀምሮ የጎደለ ዕቃ ፍለጋ አልወጣሁም። ጎማዎቹ ማዕድን ዘይት የሚችል ናይትራይል የተባለ ሰው ሠራሽ ጎማ መሆናቸው በከረጢቱ ላይ ተጽፏል፤ ጥንካሬያቸው ግን አልተጻፈም። ኦሪንጎች ብዙውን ጊዜ ሾር በተባለው የጎማ ጥንካሬ መለኪያ 70 ወይም 90 ይሆናሉ፤ ለስላሳው በዝቅተኛ ግፊት በደንብ ሲያሽግ፣ በከፍተኛ ግፊት ግን ደጋፊ ከሌለው በብረቶቹ መካከል ወዳለው ክፍተት ተጨምቆ ይላጣል። ስለዚህ ጥንካሬው ቢጻፍ ገዢው የሚያስገባውን ያውቅ ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ ውፍረታቸው በጥቂቱ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ኦሪንጎች ያለ ምልክት ተቀላቅለው መምጣታቸው ነው። በዓይን አንድ ይመስላሉ፤ እኔ የለየኋቸው ካሊፐር በተባለው የውፍረት መለኪያ ለክቼ ነው። ቀጭኑ በወፍራሙ ቦታ ቢገባ ለጥቂት ቀናት ሠርቶ ከዚያ የድሮው ችግር ይመለስ ነበር፤ ባለቤቱም ስብስቡን ወይም ፓምፑን ይወቅስ ነበር።

የቋሚውን ቱቦ ኦሪንጎች መቀየር ቀላል ሆኖ አገኘሁት። በእኔ ትራክተር ላይ በላይኛው ሽፋን ያለው ትንሽ ክዳን ሲፈታ ቱቦው ወደ ላይ ተስቦ ይወጣል። የወጣው ኦሪንግ እንደ ፕላስቲክ ደርቆ፣ በአንድ ጎኑ ጠፍጥፎ፣ በጥፍር ሲጫኑት የሚሰነጠቅ ነበር። አዲሶቹን በንጹሕ ዘይት አርሼ፣ የቱቦው ስለታም ጠርዝ እንዳይቆርጣቸው በቀጭን ፕላስቲክ ሸፍኜው አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ሊፍቱ የሚነቀንቀው በየግማሽ ደቂቃው ብቻ ሆነ። ለብዙ ሰው ይህ ይበቃው ይሆናል፤ እኔ ግን የፒስተኑን ማሸጊያ በእጄ ይዤ መተው አልሆነልኝም።

የላይኛውን ሽፋን ማንሣት ግን ሌላ ደረጃ ያለው ሥራ ነው። ሲሊንደሩ ከሽፋኑ ሥር ስለተያያዘ ክብደቱ ከአንድ ሰው አቅም በላይ ነው፤ በሰንሰለት ማንሻ ቀጥ ብሎ ካልወጣ በውስጡ የተንጠለጠሉት የመቆጣጠሪያ ዘንጎች ይጣመማሉ። ፒስተኑን ሳወጣ ኦሪንጉ ተበልቶ ነበር፤ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይም በርዝመቱ የተሰመረ አንድ ቀጭን ጭረት አገኘሁ። ይህን ጭረት ማንኛውም የጎማ ስብስብ አይፈውሰውም፤ በጥፍር የማይያዝ ስለነበረ ግን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ፣ በናፍጣ ታጥቦ እንዲቀጥል ወሰንኩ። ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጭረት ቢሆን ኖሮ ሲሊንደሩን መቀየር ብቻ ነበር መፍትሔው። በዚህ ቦታ ስብስቡ መመሪያ የሌለው መሆኑ በጣም ተሰማኝ፤ ምክንያቱም ኦሪንጉና ደጋፊ ቀለበቱ የሚቀመጡበት ቅደም ተከተል የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። ኦሪንጉ ግፊቱ በሚመጣበት በኩል፣ ደጋፊ ቀለበቱ ደግሞ ከግፊቱ በስተጀርባ መሆን አለበት፤ ቢገለበጥ ደጋፊው ምንም አይደግፍም። አንዲት ትንሽ ሥዕል በከረጢቱ ላይ ብትታተም ይህ ሁሉ ይቃለል ነበር።

ሽፋኑ ሲመለስ የሚሠራው ስህተት ከሁሉም የከፋ ነው። ከሽፋኑ ወደ ታች የሚወርዱት ዘንጎች ከፓምፑ ቫልቭ ማንሻ ጋር በትክክለኛ ቦታቸው መገናኘት አለባቸው፤ አለበለዚያ ሊፍቱ ወይ አይነሣም ወይ ከተነሣ በኋላ አይወርድም። ቡሎኖቹን ከማጥበቄ በፊት በጎኑ ክፍት በኩል በመብራት አይቼ፣ ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀስኩ ቫልቩ መከተሉን አረጋግጫለሁ። የሽፋኑ ጋስኬት ከቀድሞው ቀጠን ያለ ቢሆንም በሚገባ ገጥሟል፤ እስካሁንም ዘይት አላወጣም። የማንሻ ሻፍቱ የግራ ማሸጊያ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማላብ ጀምሯል፤ ሻፍቱ ራሱ በዚያ ቦታ ስለተበላ ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ በስብስቡ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይሆንም።

ዘይቱን በሙሉ አዲስ አድርጌ ከሞላሁ በኋላ ሊፍቱ መነቅነቁን አቆመ። ከ30 ሊትር በላይ የሚወስድ ስለሆነ ይህ ራሱን የቻለ ወጪ ነው፤ ስብስቡን የሚገዛ ሰው ዘይቱንም አብሮ ማሰብ አለበት፣ የድሮውን ቆሻሻ ዘይት በአዲስ ማሸጊያ ላይ መልሶ ማፍሰስ ድካምን ማባከን ነውና። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ማረሻው በዝግታ መውረዱ አልቀረም፤ ነገር ግን አሁን መሬት እስኪነካ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ዕድሜ ካለ ማሽን ከዚህ የበለጠ አልጠብቅም።

እንግዲህ ሊፍቱ የሚነቀንቅበት ወይም ሞተሩ ሲጠፋ የሚወርድበት ሰው ይህን ስብስብ ቢገዛ አይጸጸትም፤ ካሊፐርና የትራክተሩ የጥገና መመሪያ በእጁ እስካሉ ድረስ። ጨርሶ የማያነሣ ወይም እያጓራ አረፋ የሚያወጣ ሊፍት ያለው ግን ስብስቡን ትቶ መለኪያውን ይግዛ፤ የጎማ ቀለበት ለዚያ ምንም አያደርግለትም። መለኪያውን ከሥራው በኋላ ሸጬ ወይም አውሼ ልገላገለው አስቤ ነበር፤ አሁን ግን በየወቅቱ መጨረሻ በሞቀ ዘይት እየለካሁ ቁጥሩን በደብተር እጽፋለሁ። የመጨረሻው ንባብ 2,350 ፒ.ኤስ.አይ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም መርፌው እንደ ቀድሞው አይወድቅም፣ በጣም በዝግታ ብቻ ይወርዳል።